የአልዛይመር ምርምር ከአሚሎይድ ክምችት በፊት ያለውን ጉዳት ይመርምር

ስለ አልዛይመር በሽታ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው በአንጎል ውስጥ የሚከማቸው አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን ነው። ከረጅም ዓመታት ጥረት በኋላ ይህን ክምችት የሚያጸዱ መድኃኒቶች ተገኝተዋል፤ ይሁንና ከእነዚህ አንዱ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ በ18 ወራት ሙከራ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ ገደማ ከማዘግየት አልፎ ሊያቆመው አልቻለም። በእኔ እምነት፣ ቀደም ብሎ በነርቭ ሴሎች ዘረመል ላይ ለሚደርሰው የኦክሲዴሽን ጉዳት፣ ማለትም ከኦክሲጅን የሚመነጩ ጎጂ ሞለኪውሎች ለሚያደርሱት ጉዳት፣ ከእስካሁኑ የበለጠ ትኩረትና ገንዘብ ሊመደብለት ይገባል።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ሚቶኮንድሪያ የተባሉት የሴሉ ክፍሎች በዚህ ኦክሲጅን ኃይል ሲያመነጩ የሚያፈተልኩት ጎጂ ሞለኪውሎች ከአራቱ የዲኤንኤ መሠረቶች (የዘረመል መልእክት የሚጻፍባቸው «ፊደላት») በቀላሉ የሚያጠቁት ጉዋኒንን ነው፤ የተጎዳው ጉዋኒን ደግሞ ከትክክለኛ ጥንዱ ከሳይቶሲን ይልቅ ከአዴኒን ጋር ሊጣመር ስለሚችል የዘረመሉ መልእክት ይዛባል። ሴሎች የተበላሸውን ቆርጠው የሚያወጡበት የጥገና ሥርዓት አላቸው። ሆኖም አብዛኛው የነርቭ ሴል እንደ ቆዳ ሴል በአዲስ አይተካም፤ ሰውየው 80 ዓመት ከኖረ ሴሉም በዚያው ዲኤንኤ 80 ዓመት ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ በሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ላይ የደረሰው ጉዳት በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉ ጤነኞች ሦስት እጥፍ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎቹ አኪሂኮ ኑኖሙራ፣ ጆርጅ ፔሪ፣ ማርክ ስሚዝና ባልደረቦቻቸው ለበሽታው በሚጋለጡት የነርቭ ሴሎች ውስጥ የዲኤንኤን መልእክት የሚያደርሰው አርኤንኤም በእጅጉ እንደሚጎዳ አረጋገጡ። ይበልጥ የሚያስደንቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ውጤት ነው፦ ጉዳቱ የበረታው በበሽታው መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ አሚሎይድ በበዛ መጠን ጉዳቱ ቀንሶ ተገኘ። ከዚህ ተነሥተው አሚሎይድ የሴሉ መከላከያ ምላሽ ሊሆን ይችላል ያሉ አሉ። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ አሚሎይድን በሚያበዛ የዘር ለውጥ ምክንያት ገና በጎልማሳነታቸው የሚታመሙ ቤተሰቦች መኖራቸው ፕሮቲኑ ራሱ ለበሽታው መንስኤ እንደሚሆን ያሳያልና። ቅደም ተከተሉ ግን ችላ ሊባል አይገባውም።

ብዙዎች ለኦክሲዴሽን ጉዳት ትኩረት የሚሰጠውን ይህን አስተሳሰብ የተዉት ኦክሲዴሽንን በሚከላከለው (አንቲኦክሲደንት በሆነው) ቫይታሚን ኢ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2014 የወጡ ሙከራዎች ቫይታሚኑ የሕሙማኑን መድከም በመጠኑ እንዳዘገየ ቢያሳዩም፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውና ቀላል የማስታወስ ችግር ያለባቸውን 769 ሰዎች ለሦስት ዓመት የተከታተለው ሙከራ ጥቅም አላገኘበትም። ከዚህ ተነሥቶ መላ ሐሳቡን መጣል ችኮላ ነው፤ ቫይታሚን ኢ በዋናነት የሚሠራው በሴል ሽፋን ስብ ውስጥ እንጂ በዘረመሉ ላይ አይደለም፣ ማስታወስ መድከም በጀመረበት ጊዜም በሽታው ብዙ ዓመት ተጉዟል። በዚያው ልክ እነዚህን ጥናቶች እየጠቀሱ አንቲኦክሲደንት ክኒን የመርሳት በሽታን ይከላከላል ብለው ለተጨነቁ ቤተሰቦች የሚሸጡ ሰዎች ያልተረጋገጠ ተስፋ እየሸጡ ነው፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ አረጋውያን የመድማት አደጋም አለው።

ቀጣዮቹ ሙከራዎች ምልክት ሳይታይ መጀመር፣ የሴሉን የጥገና ሥርዓትና ሚቶኮንድሪያን ዒላማ ማድረግ፣ እንዲሁም የተጎዳው ጉዋኒን በእርግጥ መቀነሱን ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ መለካት አለባቸው።