የቤኔሎንግን የ2007 ውጤት በመጀመሪያው ቆጠራ አትፍረዱት

ሲድኒ ውስጥ ስላለው የአውስትራሊያ ፓርላማ የምርጫ ክልል፣ ስለ ቤኔሎንግ፣ የቀረበው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን «ጆን ሃዋርድ በ2007 በሲድኒው ቤኔሎንግ ገና ከመጀመሪያው ቆጠራ ተበልጠው ወደቁ» የሚለው ስህተት ነው። መራጩ ዕጩዎቹን በቁጥር በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ «1» ብቻ በሚቆጠርበት በመጀመሪያው ቆጠራ እንዲያውም የሊበራል ፓርቲው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃዋርድ የሌበር ፓርቲዋን ማክሲን ማክኪውን ለጥቂት ይመሩ ነበር፤ 45.5 በመቶ ለ45.3። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስላልነበረ ዝቅተኛ ድምፅ ያለው ዕጩ በየተራ እየወጣ፣ ወረቀቶቹ ቀጣዩ ቁጥር ለተጻፈለት ዕጩ ተላለፉ። አብዛኞቹ የግሪንስ ፓርቲ መራጮች ከሊበራል ይልቅ ሌበርን ስላስቀደሙ ማክኪው በ51.4 በመቶ አሸነፉ። ለዚህ ነው መራጩ ሁሉንም ሳጥን በቁጥር መሙላት ያለበት። አንዱ ብቻ ባዶ ቢቀር እንደ መጨረሻ ምርጫ ይያዛል፤ «2» ሁለት ቦታ ከተጻፈ ግን ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ጽሑፉ የዘለለው ትልቁ ነገር የምርጫ ክልሉ ወሰን ለውጥ ነው። ክልሉ ከ1949 እስከ 2007 ከሊበራል እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ በ2010 ጆን አሌክሳንደር መለሱት፣ በ2022 ጄሮም ላክሳሌ ለሌበር ወሰዱት። ለ2025 ምርጫ የኖርዝ ሲድኒ ክልል ሲሰረዝ ሃንተርስ ሂልና ሌን ኮቭ የተባሉት አካባቢዎች ወደ ቤኔሎንግ ገቡ። የቀድሞው ድምፅ በአዲሱ ወሰን ሲሰላ ወንበሩ፣ በወረቀት ላይ፣ ለጥቂት የሊበራል ሆነ፤ ላክሳሌ ግን በሰፊ ልዩነት አስጠበቁት። ስለዚህ የ2022ን መቶኛ ከ2025 ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ያሳስታል፤ መነሻው በአዲሱ ወሰን የተሰላው ውጤት መሆን አለበት።