ወግ በስድስት ቅዳሜ ይለመዳል? ክርክር ከደሴ

ደሴ ላይ ለጀማሪዎች የግል ወግና እውነተኛ ታሪክ መጻፊያ ኮርስ፣ ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እየተቹ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለስድስት ቅዳሜ ቢሰጥ ይጠቅማል? አንዷ ትደግፋለች፣ አንዱ ይቃወማሉ።

ደጋፊ፦ ቅኔ ቤትን ያስቡ። ተማሪው በሁለት ቤቱ (በሁለት መስመሩ) ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፣ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ቅኔ ይቆጥራል (ይደርሳል)፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ወግ ላይ ስንደርስ ግን «ተሰጥኦ ነው» ብለን እንገላገላለን።

ጀማሪ የሚስትበት ቦታ ይታወቃል። «እናቴ በጣም ደግ ነበረች። ቤታችን እንግዳ አይጠፋም ነበር። ቡና ይፈላ ነበር።» ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት «ነበር»። «ይፈላ ነበር» ልማድ ነው፤ ልማድ ቀን የለውምና አይታይም። ስለዚህ አንድ ቀን ይመረጣል፦ «ረቡዕ ከሰዓት በረካው ቀጥኖ ውሃ መስሏል። እናቴ ግን ጎረቤቷ ወሬዋን እስክትጨርስ ጀበናውን አላነሣችም።» ደግ የሚል ቃል አልገባበትም።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ ቅኔውን ጠርተሽ በራስሽ ላይ መሰከርሽ። ቅኔ ቤት ዓመታት ይፈጃል። ያንቺው ጠቅላላው 12 ሰዓት ነው፤ 12 ተማሪ ካለ ለያንዳንዱ አንድ ሰዓት፣ ያውም መምህሩ አፉን ሳይከፍት። ደሴ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል። የጎረቤቱን ልጅ ጽሑፍ ፊት ለፊት የሚተች ማን ነው? «ቆንጆ ነው፣ በርቺ» ተባብለው ይበተናሉ።

ስልቱም ከውጭ የመጣ ነው። ተማሪ የተማሪን ጽሑፍ የሚተችበት ክፍል በአብዛኛው አሜሪካ ያለው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1936 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ወርክሾፕ ይከተላል። የኛ ወግ ጨዋታ ነው፤ ተራኪው መሐል ገብቶ ይፈርዳል፣ ያሾፋል፣ አንባቢውን ይጎሽማል። በበረካሽ ምሳሌ እናትየዋን አየኋት፤ የሚያጫውተኝን ሰው ግን አልሰማሁትም።

ደጋፊ፦ ጋሼ፣ ይህችኛዋን ተቀብያለሁ። መጀመሪያ ነገሩ ይታይ፣ ፈራጁ በሁለተኛው ረቂቅ ይግባ። ፍርዱ ከቀደመ ግን ጀማሪው ነገሩን ሳያሳይ ምክር ጀምሮ ያርፋል።

በሂሳቡ አልስማማም። በአንድ ቅዳሜ የሚቀርበው የሁለት ሰው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ስድስት ጊዜ ሁለት 12። ለያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ የቀረው ግማሽ ሰዓት ለትምህርቱ። ጽሑፉ ከሁለት ገጽ ሳይበልጥ ረቡዕ ተባዝቶ ይታደላል፣ ሁሉም በእርሳስ አስምሮበት ይመጣል። የሚፈቀደው አስተያየት «እዚህ መስመር ላይ ጠፋሁ» ወይም «እዚህ ጋ ተጨማሪ ፈለግሁ» ነው፤ «ቆንጆ ነው» ክልክል። መስመር ሲነካ ሰው አይቀየምም።

ሌላው እውነቱን ማጣራት ነው። በ1975 ዓ.ም. የተወለደ ወሎዬ የ77ቱን ድርቅ «አስታውሳለሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ «የሁለት ዓመት ልጅ ምን ያስታውሳል?» የሚለው ያ ክፍል ነው። «እናቴ ስትናገር እንደሰማሁት» ብሎ ቢጀምር ጽሑፉ ይድናል፤ የእናቱም ድምፅ ይገባበታል። ብቻውን የሚጽፍ ሰው ይህን የሚነግረው የለም።

ተቃዋሚ፦ የ77ቱ ነገር ልክ ነው፤ ለሱ ብቻ ሲባል አንድ ቅዳሜ ይገባዋል። ግን ረቡዕ ያባዛሽው ወረቀት ሐሙስ ፒያሳ ቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢገኝስ? ውስጡ የአክስት ፍቺ አለ፣ የወንድም ዕዳ አለ። ስም እንቀይራለን ትያለሽ። ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ፣ በግራ እጃቸው የሚመዝኑ አክስት ብለሽ ከጻፍሽ፣ ስማቸውን ዘይነብም በይው አበበች፣ ማን ይስታቸዋል? እዚህ ስም መቀየር አይበቃም፤ ወይ ሚዛኑ ይቀየር ወይ አክስቲቱ ሳይባዛ በፊት ይነበብላቸውና ይፍቀዱ። ቅጂዎቹም ተቆጥረው ቅዳሜውኑ ለባለቤቱ ይመለሱ። ይህን ከመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ጽፈሽ አምጪና ስለ ቀሪው እንነጋገራለን።