እርማት፦ ላውንጅ ለቢዝነስ ክላስ ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «ቦሌ አየር ማረፊያ ላውንጅ (በረራ የሚጠበቅበት ልዩ ማረፊያ ክፍል) የሚገባው የቢዝነስ ክላስ ትኬት የቆረጠ ብቻ ነው» ያልከው ትክክል አይደለም። ፒያሳም ስታዲየምም እንዲሁ ሲባል እሰማለሁ፤ የሚያሳዝነው፣ መብት ያለው ሰው ሳያውቅ ውጭ ለማኪያቶ ገንዘብ ያወጣል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ስታር አልያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ጥምረት ተቀላቅሏል። ስለዚህ የሼባማይልስ፣ ማለትም የአየር መንገዱ የደንበኞች አባልነት፣ ጎልድና ፕላቲነም አባል ኢኮኖሚ ቢቀመጥም ላውንጅ ይገባል፤ አብሮት የሚበር አንድ እንግዳም ያስገባል። የመነሻ ደረጃው ብሉ ካርድ ግን አያስገባም፣ ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል።

ውስጥ እንጀራ በወጥ አለ፣ ቡናው ረከቦት ላይ በስኒ ይቀዳል፤ ለዚህ ሂሳብ አይጠየቅም። እናትህን ይዘህ ስትሄድ የጎልድ ወይም የፕላቲነም ካርድህንና የሁለታችሁን ቦርዲንግ ፓስ በሩ ላይ አሳይ።