እርማት፦ የቤተ ክርስቲያን ደን በመከበሩ ብቻ አይተርፍም

ወንድሜ፣ «የቤተ ክርስቲያን ደን የተከበረ ስለሆነ ማንም አይነካውም፤ ሥጋት የለበትም» ብለሃል። ግማሹ እውነት ነው። በደቡብ ጎንደር በእርሻ መሀል እንደ ደሴት የቀሩትን ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ከመጥረቢያ ያዳናቸው የምእመኑ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። ይህን የሚክድ የለም።

ውግዘት ግን ከብት አያስቆምም። እስቲ ጎንበስ ብለህ ከትልቁ ወይራ ሥር ያለውን መሬት እየው፦ ኮቴ የደለደለው አፈር፣ የደረቀ እበት፣ ጫፉ የተቀነጠበ ችግኝ። ከላይ የምታያቸው ዛፎች ያረጁ ናቸው፤ ከሥራቸው ተተኪ ከሌለ ደኑ በቁሙ እያለቀ ነው ማለት ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በእነዚሁ ደኖች ባደረጉት ጥናት ከብት በታገደበት ስፍራ ችግኙ በደንብ እንደሚያድግ አሳይተዋል።

እሳቸውና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ከካህናቱ ጋር ተመካክረው በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ደስ የሚለው ድንጋዩ ከዚያው ከገበሬው ማሳ መለቀሙ ነው፤ እርሻው ይጠራለታል፣ ደኑም ይታጠርለታል። ስለዚህ የእናንተም ደብር ደን ካብ ከሌለው፣ ሥጋት የለበትም ከማለትህ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ከብት ይገባበት እንደሆነ ጠይቃቸው።