ሞላ ቆራጮች፣ እጃችሁን ሰብስቡ

ሰሞኑን አንድ መካኒክ የቪትዝ የፊት ሞላ በግራይንደር ሲቆርጥ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ እየዞረ ነው። አንድ ዙር ቆርጦ ጣለና «አሁን መንገድ ትይዛለች» አለ። ከስር ደግሞ አጨብጫቢው ብዛቱ!

መንገድ ትይዛለች? በምን ተአምር?

ሞላዋ ተቆርጦ መኪና ዝቅ ስትል ክብደቷ ወደ መሬት ይቀርባል። ይሄ እውነት ነው። ግን የቪትዝ የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው፣ ሞላና ሾክ (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው) አንድ ላይ የተገጠሙበት ዓይነት ነው። ጎማውን ከታች የሚይዝ ክንድ አለው። መኪናዋን ከልክ በላይ ስታወርዳት የክንዱ የጎማ በኩል ጫፍ ወደ ላይ ይቀራል። ያኔ ኩርባ ላይ የምትጋደልበት ነጥብ ከክብደቷ ማዕከል ይልቅ ብዙ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር አካሏን ወደ ጎን የሚያጋድለው ጉልበት ይበረታል። ዝቅ አደረግኳት ብለህ ለመጋደል አመቻቸሃት ማለት ነው። የመሪው ዘንግ ማዕዘንም አብሮ ይዛባል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ መሪውን ሳትነካው መኪናዋ ወደ ጎን ትስብሃለች። መንገድ መያዝ የምትሉት ይሄንን ነው?

«የውድድር መኪኖችስ ዝቅ ያሉ አይደሉ?» ይሉናል። የእነሱ ክንድ የሚታሰርበት ቦታ ጭምር ተቀይሮ ነዋ! ግራይንደር ይዞ የሚሠራ ማን አለ?

«ሞላው ሲያጥር ይጠነክራል» የሚለውም አያስኬድም። ሲጫን የሚታመቁ 6 ዙሮች ካሉት ሞላ 1 ሲቆረጥ ጥንካሬው በ20 በመቶ ያድጋል። የፋብሪካው ሾክ ግን ለዚህ አልተሠራም፤ መኪናዋን ያስነጥራታል። ሞላው ሲጫን የሚታመቅበት ቦታም አጥሯል። ስፒድ ብሬከር ላይ ድው የሚለው ሾኩ ላይ ያለችው ላስቲክ ስትመታ ነው። አላይመንት (የጎማዎቹ አቋም ማስተካከያ) ካልተሠራማ ከውጭ አዲስ የሚመስለው ጎማ ከውስጥ ሽቦው ይወጣል።

ማውረድ የፈለገ ለዚያች መኪና የተሠራ አጭር ሞላ ከሚስማማው ሾክ ጋር ይግዛ፤ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ያውርዳት፤ አላይመንት ያሠራ። ውድ ነው? እንግዲያው እንዳለች ተዋት። ገንዘብ ማጠር የሰው ሕይወት ላይ ለመቀለድ ፈቃድ አይሆንም።

ለቪዲዮው ባለቤት አንድ ጥያቄ አለኝ። መኪናዋን በክሪክ አንሳና ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሞላውን በእጅህ ነቅንቀው። መቀመጫው ላይ ከላላ፣ እሱንም ቀርጸህ ልቀቀው።