እርማት፦ ትልቁ እባብ የባሕር አምላክ አይደለም

«ጎድ ኦፍ ዋር» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የምናየው ግዙፍ እባብ የኖርስ (የጥንት ስካንዲኔቪያ) አፈ ታሪክ የባሕር አምላክ ነው የሚል አስተያየት እየበዛ ነው። ሐይቁን ሞልቶ ስለሚታይ እንዲህ ማሰብ አይገርምም። ግን ስህተት ነው።

ዮርሙንጋንድ የሚባለው ይህ እባብ አምላክ አይደለም። የተንኮለኛው የሎኪና የግዙፏ የአንግርቦዳ ልጅ ነው፤ ባሕር ውስጥ የገባውም የአማልክቱ አለቃ ኦዲን ስለጣለው ነው። ነፋስንና ባሕርን የሚያዘው አምላክ ንዮርድ ይባላል፣ የፍቅር አምላኳ የፍሬያ አባት።

ማረጋገጥ የሚፈልግ አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈውን ኤዳ የተባለ የኖርስ አፈ ታሪክ መጽሐፍ ይመልከት። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። «ጊልፋጊኒንግ» የሚለው ክፍል እባቡንና ንዮርድን ለየብቻ ይገልጻቸዋል።

እባቡን አምላክ ካልነው የ2018ቱ ጨዋታ መጨረሻ ያመልጠናል። የዋናው ገጸ ባሕርይ ልጅ አትሬየስ መጨረሻ ላይ «ሎኪ» መባሉ ይበልጥ የሚከብደው እኮ፣ በአፈ ታሪኩ ያ እባብ የሎኪ ልጅ ስለሆነ ነው።