ዋጋ መተመን ሌላ፣ ሚዛን መቆጣጠር ሌላ
መንግስት ዋጋ ይተምን የሚለው ይህ ጽሁፍ «ነጋዴው የዋጋ ጣሪያ ካልተጣለበት ልጓም የለውም» ማለቱ አይዋጥልኝም፣ በ2003 ዓ.ም. መንግስት ስኳር ዘይት ስጋ ሳይቀር ዋጋ ተምኖ አይተነው የለ እንዴ፣ ዘይቱ ከሱቅ ጠፍቶ በጓሮ በር ለሚያውቁት ብቻ ሲሸጥ ከረመ፣ ዓመት ሳይሞላው አብዛኛውን ተመን ራሱ አነሳው። ከላይ በአስተያየትህ «ገበያውን ዝም ብሎ መልቀቅ ነው» ያልከው ወንድሜ ግን አንተም ልክ አይደለህም፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭቶ የሚቀላቅለውን፣ እንጀራ ላይ ጀሶ የሚጨምረውን ነጋዴ ገዢው በምን ለይቶ ነው አማርጦ የሚገዛው? መንግስት ጠንከር ማለት ያለበት እዛ ጋ ነው፣ ናሙና ወስዶ ላብራቶሪ አስገብቶ፣ ኪሎውንም በራሱ ሚዛን መዝኖ። እኛ ሰፈር የሚመጡት ተቆጣጣሪዎች ግን ዋጋ አልለጠፍክም ብለው ሱቅ ያሽጋሉ፣ ሚዛኑን ዞር ብለውም አያዩት፣ እሽጉ ደግሞ በምን እንደሚነሳ ሁሉም ያውቃል